የሶሌዳድ እጆች

ዘንድሮ መስከረም መጨረሻ ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ነጠላዬን ሳጣጥፍ ስልኬ ጮኸ። አርሊንግተን የምትኖረው ልጄ ሜሮን ናት። እሷ እንደሆነች ሰላምታዋን ሳትጨርስ ነው ወደ ጉዳይዋ የምትገባው።

«ማሚ፣ ቴክስት ያደረግኩልሽን አየሽው?»

«አሁን ከቤተ ክርስቲያን መውጣቴ ነው። ምንድን ነው?»

«ልጆቹን ላይብረሪ ይዣቸው መጥቼ ነው። እዚህ ኤግዚቢሽን አለ፤ ስለ ድሮ የሜክሲኮ ፊልሞች። ማለቴ፣ ጥቁሮቹና ኢንዲያኖቹ እንዴት እንደሚታዩ፣ ማን እንደተረሳ ምናምን። ያቺ ቦሎቄ ታበስልልኝ ነበር የምትያት ሴትዮ ፊልም ሠርታለች አላልሽም? ሶ፣ አንዱን ፒክቸር አነሣሁልሽ።»

መነጽሬን አድርጌ ከፈትኩት። ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። የቆርቆሮ ሳፋ ውስጥ አንድ ነጭ ሕፃን ተቀምጧል፤ ሁለት ጥቁር እጆች ትከሻው ላይ ውኃ ያፈስሳሉ። የሴትየዋ ፊት አይታይም። ከሥሩ የተለጠፈው ጽሑፍ እንደሚለው እጆቹ በዘመኑ ዝነኛ የነበረች የአንዲት ነጭ ተዋናይ ናቸው፤ ጥቁር ቀለም ተቀብታ ሞግዚት ሆና የተጫወተችበት ፊልም ነው። ፎቶውን በሁለት ጣቴ አሰፋሁት። የግራ እጇ ትንሿ ጣት ወደ ውስጥ ጎበጥ ያለች ናት።

ያቺን ጣት ዐውቃታለሁ። አንድ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ በየቀኑ ከአንሶላ ማዶ ሳያት ነው የኖርኩት።

«ይሄ የአክተሯ እጅ አይደለም» አልኳት። «የሶሌዳድ እጅ ነው።»

«ሪሊ? እንንገራቸዋ! ሶሌዳድ ማን? ላስት ኔሟ ማነው?»

ሜሮን መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «ሄሎ? ማሚ?» ትላለች። ያን ያህል ጊዜ እንጀራዬን የተካፈለችኝ፣ ጾሜን አብራኝ የጠበቀች ሴት፣ የአባቷን ስም አላውቀውም። ለሜሮንም ድሮ የነገርኳት ቦሎቄውንና ፊልም መሥራቷን ብቻ ነበር። የቀረውን ለማንም አውርቼ አላውቅም።

በሱዳን በኩል አድርጌ ወደዚህ አገር ስገባ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አሁን ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። እዚህ ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ ውስጥ የሆስፒታልና የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት አንድ ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ ነበር፤ ሥራ ያገኘሁት እዚያ ነው። እንደ በርሜል የሚሽከረከር የጋለ ብረት አለ። ከፊቱ የቆሙት ሴቶች እርጥቡን አንሶላ ያስገቡለታል፤ ከኋላው የቆምነው ደግሞ ተተኩሶ ሲወጣ እንቀበላለን። እኔ በአንድ ጠርዝ፣ ሶሌዳድ በሌላው ጠርዝ። ይዘን እንራራቃለን፣ አጥፈን እንቃረባለን፣ ጫፉን ከእጄ ተቀብላ ትቆልለዋለች፤ ከዚያ ሌላ አንሶላ። ሙቀቱ የቴክሳስን በጋ ያስንቃል። እዚህ ከተማ ሐምሌ ሲገባ ሰው ሁሉ ሲያማርር እኔ ዝም የምለው ያንን ብረት ስለማስታውስ ነው።

የማሽኑ ጩኸት ከሩቅ አያነጋግርም። የምንነጋገረው ስንቃረብ ብቻ ነበር፤ በአንድ አንሶላ አንድ ዓረፍተ ነገር። ስለዚህ አንድ ወሬ ጠዋት ተጀምሮ ምሳ ሰዓት ላይ ያልቃል። ሁለታችንም እንግሊዝኛው አልገባንም ነበር። የእሷ ስፓኒሽ የበዛበት፣ የእኔ ደግሞ ከትምህርት ቤት ደብተር ያልወጣ። ግን አንሶላ እስኪታጠፍ ድረስ ለማሰብ ጊዜ ስለነበረን እንግባባ ነበር። በእንግሊዝኛ አንቱ የሚባል ስለሌለ፣ እናቴ ልትሆን የምትችለውን ሴት እንደ እኩያዬ ነበር የማነጋግራት። አሁንም በጽሑፍ እንደዚያው ልጥራት፤ አንቱ ካልኳት የማላውቃት ሰው ትሆንብኛለች።

ሶሌዳድ ጥቁር ነበረች። ሜክሲኮ ውስጥ ጥቁር ሰው እንዳለ ከእሷ በፊት አልሰማሁም። ከደቡብ፣ ከባሕሩ ዳር፣ አያት ቅድመ አያቶቿ በባርነት ከመጡበት ዘመን ጀምሮ ጥቁሮች ከሚኖሩበት መንደር ነው የመጣችው። «እዚያው ሜክሲኮ ውስጥ እንኳ ከየት አገር መጣሽ ይሉኛል» ብላ ትስቅ ነበር። ስትስቅ ትከሻዋ ነው የሚስቀው፤ ድምፅ የላትም።

በፋብሪካው ከእኔ ሌላ ዘይነባ የምትባል የወሎ ልጅ ነበረች። የምትሠራው የቆሸሸው ከሚለይበት ክፍል ነው። አሮጌ መኪና ስለነበራት ጠዋት ከዳላስ ይዛኝ ትመጣለች፣ ማታ ይዛኝ ትመለሳለች። ዘይነባ ቀጭን ናት፤ ድምፅዋ ግን ማሽኑን ያሸንፋል።

ሁዳዴ ገባ። ያኔ በአካባቢው ቤተ ክርስቲያን አልነበረንም፤ እሑድ እሑድ ጥቂት ሰዎች ዳላስ ውስጥ በተከራየነው አዳራሽ ተሰብስበን እንጸልያለን። የጾም ምግብ ምን እንደምበላ ግራ ገብቶኝ ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦ በሻይ ሳማታ ሶሌዳድ አየችኝ። በማግሥቱ በቆርቆሮ ዕቃ ጥቁር ቦሎቄ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ቃሪያ ይዛ መጣች። እኔ በጾም ነገር ጠንቃቃ ነኝ፤ ከመቅመሴ በፊት ጠየቅኳት።

«ሥጋ አለው?»

«የለውም።»

«ወተት? ዕንቁላል?»

«የለውም፣ የለውም። ብዪ፣ ሚሃ።» ሚሃ ማለት ልጄ ማለት ነው።

ሁለት ሳምንት እግዚአብሔርን እያመሰገንኩ በላሁ። ቅመሙ ከአገሬ ቅመም ጋር ባይገጥምም ቃሪያው ዓይን ያስለቅሳል፤ ያ ደግሞ ለእኔ ቤት መግባት ነበር። አንድ ቀን ዘይነባ አጠገቤ ተቀምጣ አንድ ቂጣ ጠቀለለችና ዓይኗን ጨፈነች።

«ይቺ ቦሎቄ ምን ቢያደርጓት ነው እንዲህ የምትጣፍጠው? ጠይቂልኝ እስቲ።»

ጠየቅኩላት። ሶሌዳድ ደስ አላት። «ማንቴካ!» አለች። ያልገባን ሲመስላት በአንድ ጣቷ የአፍንጫዋን ጫፍ ወደ ላይ ገፋ አድርጋ እንደ አሳማ አንኮራፋችልን።

ዘይነባ ወደ ቧንቧው ሮጠች። አፏን እየተጉመጠመጠች፣ «እኔንም አንቺንም በአንድ ድስት ገደለችን! ዛሬስ ክርስቲያንና እስላም እኩል ሆንን!» ትላለች። ሶሌዳድ መጀመሪያ በትከሻዋ ሳቀች፤ ፊቴን ስታይ ግን ሳቋ ቆመ። በምልክትም በቃልም ነገርኳት፦ አሳማ በጾምም በፍስክም የለም። በማግሥቱ ሌላ የቆርቆሮ ዕቃ ይዛ መጣች። ለእኔ ብቻ አዲስ ድስት ገዝታለች። ሁለት ጣቷን ወደ ላይ አንሥታ እንደ መሐላ አድርጋ፣ «ዘይት ብቻ። ድስቱም ድንግል ነው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድም ቀን አላጓደለችብኝም።

የፊልሙን ነገር የነገረችኝ በእነዚያ ሳምንታት ነው፤ አንሶላ በአንሶላ። በልጅነቷ ከመንደሯ ወጥታ ሜክሲኮ ሲቲ ገባች። የሰው ቤት ሠራተኛ ሆነች። የቤቱ እመቤት ፊልም ለሚሠሩበት ቦታ ልብስ የምትሰፋ ነበረች፤ አንድ ቀን ሶሌዳድ ልብስ ይዛላት ስትሄድ አንድ ሰውዬ አይቷት፣ «ትሪ ይዘሽ በዚህ በር ግቢ» አላት። ገባች። ከዚያ ወዲህ በስንት ፊልም ውስጥ ትሪ ይዛ በስንት በር ገባች።

«ሁልጊዜ ትሪ ነው?» አልኳት።

አንሶላው ታጠፈ፤ ሌላው መጣ። «አንዳንዴ መጥረጊያ።»

አንድ ጊዜ ታሪኩ የጥቁር ሞግዚት ታሪክ የሆነ ፊልም መጣ። ሶሌዳድ ለዋናው ቦታ ልትሞከር ተጠራች። መብራት ፊት አቆሟት፣ አስለቀሷት፣ አሳቋት። ከዚያ፣ «ፊትሽ ብርሃኑን ይውጣል፤ ሰው ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ፊት አያለቅስም» አሏት። ቦታው ለአንዲት ነጭ ተዋናይ ተሰጠ፤ ጥቁር ቀለም ቀቧት። ሶሌዳድን ደግሞ ለተዋናይቷ ጥቁር ሴት እንዴት እንደምትራመድ እንድታሳያት ቀጠሯት።

«እኔን እንድትመስል እኔ አስተማርኳት» አለችኝ፤ አሁንም ትከሻዋ ሳቀ። «ግን እኔም አለሁበት። የቀረውን ስታዪው ታያለሽ።»

ማየቱ የመጣው እንዲህ ነው። በፎርት ዎርዝ እሑድ ከሰዓት በኋላ የድሮ የስፓኒሽ ፊልም የሚያሳይ አንድ ሲኒማ ቤት ነበር። ያ ፊልም ለአንድ እሑድ ብቻ ሊታይ ነው። እዚህ አብራቸው የምትኖረው የእህቷ ልጆች፣ «አክስታችን ተዋናይ ነበረች» እያሉ ሲያሾፉባት ነው የኖሩት፤ አብራችሁኝ ሂዱ ብትላቸውም እምቢ አሏት። አንድ ምስክር እንኳ አልነበራትም።

«አንቺ ነይ» አለችኝ። «አንድ ሰው ይየኝ።»

እኔ እስከዚያ ቀን ሲኒማ ቤት ገብቼ አላውቅም። እናቴ የሰይጣን መስኮት ትለው ነበር። እሱም ይቅር፣ እሑዱ የደብረ ዘይት እሑድ ነው፤ የጾም እኩሌታ። ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። በመጨረሻ፣ ለጾሜ አዲስ ድስት የገዛች ሴት እንዴት እምቢ እላታለሁ ብዬ እሺ አልኩ።

ጠዋት ጸሎት አድርሰን፣ ነጠላዬን በቦርሳዬ ይዤ በዘይነባ መኪና ሄድኩ። የመንገዱ ዳር እዚህ አገር በጸደይ የሚፈካው ሰማያዊ አበባ ለብሷል። በሰማያዊው መሀል ሰዎች መኪናቸውን አቁመው ልጆቻቸውን አስቀምጠው ፎቶ ያነሣሉ። ዘይነባ፣ «አንቺን እዚያ ላስቀምጥሽና ፎቶ ላንሣሽ? ሲኒማ የገባች መነኩሲት ብዬ ለአገር ቤት እልከዋለሁ» ትለኛለች። በሩ ላይ አውርዳኝ፣ ሲያልቅ እመጣለሁ ብላ ሄደች።

ሶሌዳድ በአረንጓዴ ቀሚስ፣ በተረከዝ ጫማ፣ ከንፈሯን ቀለም ነክታ ስትጠብቀኝ መጀመሪያ አላወቅኋትም። ቲኬት የሚቀደው ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ነበር። እሷን አይቶ፣ እኔን አይቶ በስፓኒሽ ጠየቃት። ልጅሽ ናት ወይ ማለቱ ነው።

«የእኔ ናት!» አለችው፣ እጄን ይዛ ክንዷ አጠገብ አድርጋ። «አታይም? አንድ ሰው ነው የቀባን።»

እኔም ቶሎ ብዬ በእንግሊዝኛ፣ «ኖ፣ ኖ። እኔ ጥቁር አይደለሁም። ሐበሻ ነኝ» አልኩ።

ሽማግሌው ሐበሻ ምን እንደሆነ የት ያውቃል? እኔንም እሷንም ተራ በተራ አይቶ ሳቀ። ሶሌዳድ እጄን ለቀቀችው። «ሐበሻ ደግሞ ምን ዓይነት ቀለም ነው?» አለችኝ፤ ተቀይማ አልነበረም፤ እንደ ጨዋታ ነው የያዘችው። አብረን ገባን።

ያን ጊዜ ይህን ዓረፍተ ነገር የማይሉ ሐበሾች ጥቂት ነበሩ። ክፋት አይመስለንም ነበር። አገራችን ስለ ቀይ፣ ጠይም፣ ቀይ ዳማ ስንናገር ያደግነውን እዚህም ሻንጣችን ውስጥ ይዘን መጣን። ይህ አገር እኔን ለይቶ እንደማያየኝ የተማርኩት ቆይቶ፣ ሱቅ ውስጥ ከመደርደሪያ መደርደሪያ ይከተለኝ ከነበረ ዘበኛ ነው። በዚያ እሑድ ግን አላወቅሁም።

አዳራሹ ፈንዲሻና የቃሪያ ዱቄት ይሸታል። ሕፃን የታቀፉ እናቶች፣ ሻሽ ያሰሩ አሮጊቶች፣ የቤተሰብ ግብዣ ይመስላል። መብራቱ ጠፋና ፊልሙ ጀመረ። ዋናዋ ተዋናይ ስትወጣ ደነገጥኩ፤ ማጀት ስትሠራ ውላ ጥላሸት የቀባት ሴት ነው የምትመስለው። አሮጊቶቹ ግን ለእሷ ያለቅሳሉ። ከሀብታም ቤት ትባረራለች፣ ያሳደገችው ልጅ ሲታመም ትመለሳለች፤ ሶሌዳድ በጆሮዬ እየተረጎመች ነው የተከተልኩት።

መሀል ላይ ጥፍሯ ክንዴን ያዘው። «አሁን!» አንድ ትልቅ ሳሎን ነው፤ ሰዎች ተቀምጠው ይጫወታሉ። ከኋላ በር ተከፈተ። አንዲት ቀጭን ጥቁር ልጅ ትሪ ይዛ በጎን አለፈች፤ አንድ ጉንጭ፣ አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮ ከነጉትቻው። ሦስት ጊዜ እስኪተነፈስ እንኳ አይሞላም። «እኔ! እኔ ነኝ!» አለች ጮክ ብላ፤ ከፊታችን ያለው ሰው ዞሮ አያት። በጨለማው ውስጥ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር አሁንም አልረሳሁትም።

ከዚያ ጥቂት ቆይቶ አንድ ወንድና አንዲት ሴት መሳሳም ጀመሩ። እኔ በሁዳዴ፣ በደብረ ዘይት! ዓይኔን ወደ ጉልበቴ መልሼ አቡነ ዘበሰማያት መድገም ጀመርኩ። ሶሌዳድ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ። በመሳሳሙ የምትቀልድብኝ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅኩ። እንደገና ጎሰመችኝ፤ «ሚሃ፣ እዪ!» እኔ ጭራሽ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቀና ስል የታመመው ሕፃን ፎጣ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ውኃ የሞላ ሳፋ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ምን እንዳለፈኝ አላወቅሁም።

ወጣን። ፀሐዩ ዓይን ያጭበረብራል። ዘይነባን ለመጠበቅ ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። ሶሌዳድ ሁለት እጇን አጣምራ፣ እንደ ልጅ፣ «አየሽኝ?» አለች።

አሁን የምጽፈውን ልብ ብላችሁ ስሙኝ፤ ክፉ ልናገር ብዬ አልተናገርኩም። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሞጣ አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚሥሉ ሰው ነበሩ። ቀለም ስበጠብጥላቸው ነው ያደግሁት። ጻድቃንን፣ ሰማዕታትን፣ መላእክትን ፊት ለፊት፣ በሁለት ሙሉ ዓይን ይሥላሉ። ሰይጣንን፣ ይሁዳን፣ ክርስቶስን የገረፉትን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። «ጠላት ምእመኑን ትክ ብሎ እንዲያይ አይፈቀድለትም» ይሉኝ ነበር። እኔ በሕይወቴ ያየሁት ሥዕል ያ ነው። ሥዕልን የማነብበት ሌላ ፊደል አልነበረኝም።

እናም የማውቀውን የነገርኳት መስሎኝ፣ ኩራትም ሳይኖርበት አልቀረም፣ በዚያ በሰባራ እንግሊዝኛዬ፣ «አየሁሽ። አንድ ዓይን ነው ያለሽ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን አንድ ዓይን ያለው የሰይጣን ወገን ነው» አልኳት።

የተጣመሩት እጆቿ ተፈቱ። ፈገግታዋ ግን ወዲያው አልሄደም፤ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ፣ እንግዳ ቀድሞ ሄዶ ወንበሩ እንደሚቀር።

«እጆቹስ?» አለችኝ።

«የምን እጆች?»

«ልጁን ያጠቡት።»

አላየሁም አልኳት። ለምን እንዳላየሁም ነገርኳት። ራሷን ዝቅ ከፍ አደረገች፤ ከዚያ ያን ቀን ብቻ፣ ያለ አንሶላ፣ ሳታቋርጥ ነገረችኝ። ተዋናይቷ ሕፃኑን ስታጥብ ቀለሙ በውኃው ለቀቀ። ልጁ ጠቆረ፣ አለቀሰ፣ ሰዉም ሳቀ። «ያቺን ጥቁር ጥሯት» ተባለ። ሶሌዳድን ከበሩ አምጥተው ሳፋው ሥር አንበረከኳት፤ ከፊቷ ላይ መብራቱን አንሥተው እጇ ላይ አደረጉት። ሕፃኑ ወዲያው ዝም አለላት። «ለፊቴ አይለቀስም አሉኝ» አለች፣ «ለእጄ ሰው ሲያለቅስ ዛሬ ሰማሁ። አንቺ ግን ጨፍነሽ ነበር።»

ዘይነባ ጡሩምባዋን እየነፋች መጣች። ሶሌዳድ አልሳፈርም አለች። «ነገ አንሶላ አለ» ብላ በተረከዝ ጫማዋ ወደ አውቶቡሱ ሄደች።

ሰኞ ማሽኑ ኋላ ስቆም ከማዶ ሌላ ሴት ነበረች። ሶሌዳድ አለቃውን ለምና ወደ ፎጣ ክፍል ተዛውራለች። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ዕቃው፣ በዘይት የተሠራው፣ እኔ በምቀመጥበት ቦታ ተቀምጧል። እሷ የለችም። ማክሰኞም እንደዚያው። እስከ ስቅለት ዋዜማ ድረስ አንድ ቀን አልጎደለም። እኔም እበላለሁ፣ ዕቃውን አጥቤ በዘይነባ እጅ እመልሳለሁ።

ዘይነባ አልቻለችም። «ሂጂና አናግሪያታ! ምን ሆናችሁ ነው እኔን ፖስታ ቤት ያደረጋችሁኝ?»

«እውነት ነው የነገርኳት። ለምን ትቀየማለች?»

«እውነቱን ማን ጠየቀሽ? ሴትየዋ አየሽኝ ወይ ነው ያለችሽ።»

ይህን ያለችኝ ዘይነባ ናት፤ የእኔን ያህል ጸሎት የማታውቅ የሚመስለኝ ዘይነባ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ። ለፋሲካ ከሌላ ስቴት አንድ አባት መጥተው ነበር፤ ንስሐ ገባሁ። ሲኒማ መግባቴን ተናዘዝኩ፣ ሳላውቅ የበላሁትን የአሳማ ስብ ተናዘዝኩ፤ ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ። ያን ቃል ግን አልተናዘዝኩትም። ኃጢአት መሆኑ አልታየኝም።

ከፋሲካ በኋላ ዕቃው ቀረ። በጋው ሲበረታ ሶሌዳድም ከፋብሪካው ቀረች። ወደ ሌላ ከተማ ወደ ዘመዶቿ ሄደች ተባለ። ዛሬ ነገ እያልኩ ያዘገየሁት ይቅርታ አድራሻ አጣ።

ብዙ ቆይቶ ነው የገባኝ። አባቴ ይሁዳን በጎን ሲሥሉት መርጠው ነው፤ እሱ ራሱ ዞሮ አይደለም። ሶሌዳድም በጎን ያለፈችው በጎን ሂጂ ስላሏት ነው። እነዚያ ሰዎች ሁለተኛውን ዓይኗን ወሰዱባት፤ እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ጠብቃ ያመጣችው አንድ ምስክር ሆኜ ተቀምጬ፣ የእነሱን ሥራ በሃይማኖቴ ቃል አጸናሁላቸው። ስለ ሥዕል ያወቅሁትን ያህል ስለ ሰው አላወቅሁም ነበር። ጾሜን የጠበቀችልኝን ሴት ጾሜን ሰበብ አድርጌ አላየኋትም።

ባለፈው ማክሰኞ አርሊንግተን ላይብረሪው ድረስ ሄጄ ኤግዚቢሽኑን ያዘጋጀችውን ወጣት አገኘኋት። ወላጆቿ ሜክሲካውያን ናቸው። ፎቶው ላይ የሶሌዳድን ጣት አሳየኋት፣ የሳፋውን ታሪክ ነገርኳት፤ ጽፋ ያዘች። በእርጋታ፣ «አምንሻለሁ» አለችኝ። «ግን በዚህ ብቻ ጽሑፉን መለወጥ አልችልም። ሙሉ ስሟን አምጪልኝ፤ ወይም ይህን ከእሷ አፍ የሰማ ሌላ ሰው። እስከ ገና ድረስ እዚሁ ነን።» ፎቶው ፊት ለፊት ወንበር ነበር፤ ተቀምጬ ዓይኔን ሳልነቅል እስኪዘጉ ድረስ አየሁት።

ፋብሪካው ከፈረሰ ቆይቷል፤ ቦታው መጋዘን ሆኗል። ዘይነባንም ወደ ሚኒሶታ ከሄደች ወዲህ አጥቻታለሁ። ስለዚህ ይህን የምታነብቡ፣ በዚያ ዘመን ፎርት ዎርዝ በዚያ ልብስ ማጠቢያ የሠራችሁ ሁሉ፣ እናንተን ነው የምለምነው። ብዙ ሐበሾች ከእኛ በፊትም ከእኛ በኋላም አልፋችሁበታል። ከመግቢያው በር በስተቀኝ የሰዓት ካርዶቻችን የሚሰኩበት ሰሌዳ ነበር፤ የእያንዳንዳችን ሙሉ ስም ተጽፎበታል። የሶሌዳድ ካርድ ከእኔ ካርድ በላይ ነበር፤ በየጠዋቱ ከሥሩ የራሴን እየመዘዝኩ አንድም ቀን ቀና ብዬ አላነበብኩትም። ያነበባችሁ ካላችሁ፣ በፎጣ ክፍል አብራችሁ የሠራችሁ ካላችሁ፣ የእህቷን ልጆች የምታውቁ ካላችሁ፣ ወይም አንቺ ዘይነባ በሕይወት ካለሽ፣ የአባቷን ስም ንገሩኝ። በምሳ ሰዓት ፎቶ ትነሡ የነበራችሁም አሮጌ አልበማችሁን እስቲ አገላብጡልኝ፤ ከመካከላችሁ ፊት ለፊት የምታይ፣ ሁለቱም ዓይኖቿ የሚታዩ አንዲት ጥቁር ሴት ካለች እሷ ናት። በዚህ መጽሔት አዘጋጆች በኩል ላኩልኝ። የፈረንጆቹ ገና ሳይደርስ ይሁን።